ስክሪኑን የነካው እጅ

ሌላው ባል ሚስቱን የሚጠረጥረው በማያውቀው ሽቶ ወይም ያለ ሰዓቱ በሚጠራ ስልክ ነው። ካሜራ ጠጋኙ ግን ሚስቱን የጠረጠራት የክብሪት ቀፎ በምታክል ፕላስቲክ ነው። አትሳቁበት። ሰው የሚቀናው በሚያውቀው ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀው ካሜራ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሚስቱ ፎቶ አንሺ ናት፤ ሰው ሁሉ በስልኩ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ እሷ እስካሁን በፊልም የምታነሳ፣ በዚሁም ስሟ የተጠራ። የካሜራዋ የኋላ ክዳን ስፖንጅ ተበልቶ ብርሃን ማስገባት ጀምሮ ስለነበር «እስቲ ይሄን ለውጥልኝ» ብላ የሱቁ ጠረጴዛ ላይ ትታለት ወጣች። ጠጋኙ ስፖንጁን ለወጠ። ከዚያ እንደ ልማዱ ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዙሮ በማያው ቀዳዳ አየና ክው አለ። መንገዱ፣ ማዶ ያለው ሕንፃ፣ የተሰጣው ልብስ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየው። መታየት አልነበረበትም።

በፊልም ካሜራ ሆድ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ፣ ጭጋግ የመሰለ ስስ ፕላስቲክ ይቀመጣል። ሌንሱ ያመጣው ምስል የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ፎቶ አንሺ «ጠራ» ወይም «ደበዘዘ» የሚለውም እሱን አይቶ ነው። ጠጋኞች ስክሪን ይሉታል። ስክሪን ያረጃል፤ ይበልዛል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ከሁሉም በላይ ይጫራል። ጥፍር አይወድም፤ ጨርቅማ ጭራሽ ጠላቱ ነው። የሚስቱ ስክሪን ደግሞ ቀጠን ያለ ሻይ የመሰለና ግራ ጥጉ ላይ ድመት የቧጨረው የሚመስል ሦስት መስመር ያለበት ነበር። ጠጋኙ ያንን ጭረት ከገዛ ፊቱ ሽብሽብ የበለጠ ያውቀዋል፤ የጫረው እሱ ነውና።

ያኔ ገና መተዋወቃቸው ነበር። ሙያውን ሊያሳያት ቸኩሎ ስክሪኑን አወጣና «አቧራ ይዟል» ብሎ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። በሱቁ ግድግዳ ላይ «ስክሪን በጨርቅ አይነካም» ብሎ በትልቁ የጻፈ ሰው! ፍቅር ያጃጅላል። ጭረቱን ስታይ «ከፋብሪካው ነው» አላት፤ አመነችው፤ ተጋቡ።

ታዲያ ላለፉት ሁለት ዓመታት «ደበዘዘብኝ፣ ስክሪኑን ቀይርልኝ» ስትለው «ስክሪን ላይ ያለ ጭረት ፊልም ላይ አይወጣም» እያለ ሲመልሳት ኖረ። እውነቱን ነው፣ አይወጣም። አዲስ ስክሪን እንኳ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን መቀየር ማለት ማውጣት ነው፤ ማውጣት ማለት አጠገቧ ይዞ ማየት ነው፤ ማየት ማለት ደግሞ «ይሄ እኮ የጨርቅ ጭረት ነው» መባል ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ እያለ ገፋው።

አሁን ጭረቱ የለም። ሌላ ሰው ገብቶ አውጥቶታል።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አልፈለገም። ሌንሱን ነቅሎ ውስጡን በማጉያ መነጽር መረመረ። የጣት አሻራ የለም። አንዲት የአቧራ ቅንጣት የለችም። የስክሪኑ መያዣ ላይ ወረንጦ የነካው ምልክት የለም። ንጽሕናው ራሱ ስድብ ነበር። እንዲህ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከስምንት ወር በፊት ሦስት መንገድ አልፎ ሱቅ የከፈተው፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ የሚሠራው ጠጋኝ። የኛው ጠጋኝ ያን ጓንት ያየ ቀን «ይሄ ሊጠግን ነው ወይስ ሊዳር?» ብሎ ሙሽራው የሚል ስም አወጣለት። ቀልዱ ያኔ አስቆት ነበር።

ሚስቱ ስትመለስ አጥምዶ ጠበቃት።

«ካሜራሽ እንዴት ነው ሰሞኑን? የሚያስቸግርሽ ነገር የለም?»

«ደህና ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ምነው?»

«ምንም። ማየቱስ?»

«ደህና ነው አልኩህ እኮ» ብላ ካሜራውን ከእጁ ወሰደችው።

ያቺ «አልኩህ እኮ» ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አይጥመው፣ እንቅልፍ አይወስደው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ «ፊልም ልገዛ ነው» ብላ እንደምትወጣ አሁን ነው ልብ ያለው። በወር ሁለት ፊልም የምታነሳ ሴት በየሳምንቱ ምን ትገዛለች?

ግድግዳ ለግድግዳ የምትሠራው ልብስ ሰፊ ታላቅ እህቱ ናት። በመካከላቸው ያለው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ የሱቁን ነገር ሁሉ ሳትፈልግም ትሰማለች፤ ደግሞ ትፈልጋለች። ረቡዕ ዕለት ብቻውን ሲያጉረመርም ሰማችውና የስፌት መኪናዋን መርገጫ አቁማ በበሩ ብቅ አለች።

«ወንድምዓለም፣ ምን ሆነህ ነው እንደ ክረምት ዝንብ የምታጉረመርመው?»

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሚስትሽ ሌላ ጠጋኝ ጋ ብትሄድ ምን ትያለሽ?»

«ሚስት የለኝ! አንተ ልብስህን የምታሰፋው እኔ ጋ ብቻ ነው?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ይልቅ ጠይቃት። ሰው ሚስቱን አፍ አውጥቶ ይጠይቃል እንጂ እንደ ደንበኛ ዕቃ ይመረምራል?»

ምክሩ ጥሩ ነበር። አልሰማውም። በማግስቱ ሐሙስ ሱቁን ዘግቶ ተከተላት። ከማዶ የጋዜጣ መሸጫው ጥግ ቆሞ በሙሽራው ሱቅ መስታወት አሻግሮ ያየው ነገር አንጀቱን አቃጠለው። ሚስቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሙሽራው ፊት ለፊቷ ቆሞ አንዴ ይርቃል፣ አንዴ ይቀርባል። በእጁ ካርቶን ይዟል። እሷ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ትስቃለች። ከባሏ ጋር እንደዚያ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው? መሳቅ የተወው እሱ ነው ወይስ እሷ? መልሱን አልፈለገም። ደሙ ፈልቶ ነበር።

አርብ ጠዋት ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ካሜራዋን ሱቅ ወስዶ ከፈተው። ነገሩን ያሰበው እንዲህ ነው፦ ያን የሰው ዕቃ ከሚስቱ ካሜራ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውን የራሱን ስክሪን ይገጥማል። አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ዓይነት ይደምቃሉ፤ አታውቅም። እሱ ግን ያውቃል። ሚስቱ ዓለምን የምታየው በእሱ እጅ በኩል መሆኑን ያውቃል። ይህን የሚያክል ቂል ምኞት በአንድ ጎልማሳ ራስ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አትጠይቁኝ። ቅናት ቤት ሲገባ አእምሮ ኮቱን አንስቶ ይወጣል።

የሙሽራውን ስክሪን በወረንጦ መዞ አወጣና እንደ ትኋን መሳቢያው ውስጥ ወረወረው። የራሱን ገጠመ። መያዣውን ቀጭ አደረገ። ልኩን ሳይፈትሽ ዘጋው፤ በሃያ ስድስት ዓመት ሙያው እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

እሑድ ሚስቱ ለዓመታት የጠበቀችውን ሥራ ልትሠራ ወጣች። የሰፈሩ የእናቶች ሆስፒታል በመግቢያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የአሥራ አራት አዋላጅ ነርሶች ፎቶ እንድታነሳ መርጧት ነበር። በጡረታ ሊወጡ የቀረቡ፣ ግማሹን ሰፈር በእጃቸው የተቀበሉ ሴቶች ናቸው። «ዓይናቸውን ነው የማነሳው» ብላው ነበር ስትወጣ። «እጃቸውን ሁሉም ያነሳዋል።»

ሰኞ ጠዋት ፊልሙን አጠበች። ጠጋኙ ቁርሱን ሲበላ ከጨለማ ክፍሉ ድምፅ ጠፋ። ገብቶ ሲያይ ኔጌቲቮቹ ገመድ ላይ ተሰቅለዋል፣ ሚስቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ማጉያውን አነሳና አየ። አሥራ አራት ሴቶች፣ ሁሉም ጆሯቸው ጥርት ብሎ፣ የጆሮ ጌጣቸው እስኪቆጠር ድረስ ወጥቷል። ዓይናቸው ግን አንዱም አልጠራም።

«ዓይኔ ነው» አለች ከወለሉ።

«ምን?»

«የነሱ ዓይን አይደለም የደበዘዘው፣ የኔ ነው። ልደብቅህ አልፈልግም ካሁን በኋላ።» ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ማየት ከቸገራት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስክሪኑ ነው ብላ ስታስብ፣ እሱም እምቢ ሲላት፣ ወደዚያኛው ጠጋኝ ሄደች። ስክሪኑን ቀየረላት። ትንሽ ተሻላት። ሰውየው ግን «እህቴ፣ ግማሹ ስክሪኑ ነበር፣ ግማሹ ዓይንሽ ነው» አላት። ማያው ቀዳዳ ላይ የምትገጠም ትንሽ መነጽር አለች፤ እሷን ሊያስመጣላት ቁጥሩን ለማወቅ በየሐሙሱ ፊደል እያስነበበ ይለካት ነበር። «ፊደሉን ስስት ያስቀኛል» አለች። «ሆዴ ግን አይስቅም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ረሳኸው? የመድኃኒት ካርቶን አርቄ ሳነብ አይተህ ምን አልከኝ? ‘ፎቶ አንሺ ዓይኗ ከደከመ ምን ቀራት? ባሏ ብቻ!’ ብለህ ሳቅህ።»

ጠጋኙ አስታወሰው። ያኔ የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። ነገር ግን ቢያፍርም ሆዱ ውስጥ የተፈታ ነገር ነበር፤ ሌላ ወንድ የለም፣ ፊደል ነው፣ መነጽር ነው! አቅፎ አነሳት። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ደስታውን በትከሻዋ ላይ ደብቆ ጀርባዋን ይደባብሳል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መሳቢያውን ከፈተ። የሙሽራውን ስክሪን አንዴ በሰላም ዓይን ሊያየው ፈልጎ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ቸር ይሆናል። በወረንጦ አንስቶ ገለበጠው። ከጀርባው ከጸጉር ትንሽ የሚወፍር የነሐስ ክፈፍ ተጣብቆ ነበር።

ስፔሰር ይባላል። ከስክሪኑ በላይ ገብቶ ስክሪኑን በልኩ ቦታ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ስክሪኑ ጸጉር ታህል ወደ ላይ ይሸሻል። ያን ጊዜ ማያው ላይ የጠራው ፊልሙ ላይ አይጠራም፤ ዓይን ሲሉት ጆሮ ይሆናል። ይህን ከነካው አንድ ሺህ ካሜራ አንዱንም ረስቶ አያውቅም፤ አርብ ዕለት ግን በንዴት ከሰውየው ስክሪን ጋር አብሮ አውጥቶ ወርውሮታል። የሚስቱ ዓይን ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የሱ ነው።

ሚስቱ «ከፊቴ አንሳልኝ» ስላለችው ካሜራውን ሱቅ አምጥቶት ነበር። መክፈት፣ ክፈፉን መመለስ፣ መዝጋት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ወረንጦውን አነሳ። በዚያው ቅጽበት ሚስቱ በሩን ከፍታ ገባች።

«ቤት ብቻዬን መዋል አቃተኝ» አለች። «እዚህ አጠገብህ ልቀመጥ?»

መሳቢያውን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው።

ተቀመጠች። በዓመታት ውስጥ በሱቁ ውላ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የምትሄድበት፣ የምታነሳው፣ የምትገናኘው ሰው አላት። ከሰዓት በኋላ እዚያው አጠገቡ ሆና ለሆስፒታሉ ደወለችና ሥራውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገረቻቸው። ስልኩን ስታስቀምጥ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ነገ እነግራታለሁ አለ በልቡ።

ረቡዕ ክንዷን ይዞ መንገድ አሻግሮ የዓይን ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሟ «የዕድሜ ነው፤ ቀላል ነው፤ መነጽር ይበቃል» አለቻት። ሚስቱ ግን ስትወጣ «ፎቶዎቼን ስላላየች ነው» አለች፤ እሱም መልሶ ክንዷን ያዘ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ወደ በሩ እንኳ አላየችም። ብሎን በየመጠኑ እየለየች፣ ከእህቱ ጋር በኮምፔንሳቶው በኩል እየተጫወተች ዋለች። ጠጋኙ ሥራውን እየሠራ አንዴ በአፉ ዜማ ያዘ። አዎ፣ ዜማ። ሚስቱ ዓይኔን አጥቻለሁ ብላ ታምናለች፤ እሱ ደግሞ ያዜማል። የሰው ልጅ ሆድ ጉድ ነው። ነገ እነግራታለሁ አለ እንደገና።

አርብ ጠዋት ሙሽራው ራሱ መጣ። ያለ ጓንቱ እጁ ሻካራና ተራ እጅ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እጅ ነሳ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ጋሼ። ይቅርታ፣ እህታችን ሐሙስ ስትቀርብኝ መነጽሯን ላድርስላት ብዬ ነው።»

«አያስፈልገኝም ወንድሜ» አለችው ሚስቱ። «ትቼዋለሁ።» ኔጌቲቩን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

ሰውየው ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። አንዱን አየ፣ ሁሉንም አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ የዓይን ስህተት አይደለም። የዓይን ቢሆን አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ይስት ነበር። ይሄ ሁሉም እኩል ነው የሳተው። ካሜራውን ስጡኝ እስቲ።»

ሰውየው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በጠጋኙ ወረንጦ፣ የጠጋኙ ዓይን እያየ መያዣውን ከፈተ። ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

«ስፔሰሩ የለም» አለ። «ረስቼዋለሁ ማለት ነው። ጋሼ፣ በእርስዎ ፊት አፈርኩ። እህቴ፣ ዓይንሽ ምንም አልሆነም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ።»

ልብ በሉ። ጠጋኙ ማድረግ የነበረበት ምንም ነገር አልነበረም። ዝም ማለት ብቻ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ ይሄኛው ግን ሳይለከክበት ራሱ መጥቶ ተቀበለው። ሚስቱ ዓይኗን ታገኛለች፣ ሙሽራው አፍሮ ይሄዳል፣ የሱ ስም እንደነጣ ይቀራል። እንዲያውም አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ያጋጥማል» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር።

ሚስቱ ግን ቀደመችው። ተነስታ ወደ ሰውየው ሄደች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ፊቷ በርቶ፣ እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይዞህ» አለችው። «አይዞህ ወንድሜ። ሰው አይደለህ? ሰው ይሳሳታል። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ከልቤ።»

ጠጋኙ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ድሮ፣ ገና ሲጋቡ፣ ለሱ የነበራት ድምፅ ነው። ያ ይቅርታ የማን ነው? ጥፋቱ የሱ፣ ይቅርታው የሌላ ሰው! ሕሊናው ተነሳ ብዬ ባወራላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያስነሳው ግን ያው ቅናቱ ነው፤ ይቅርታውን እንኳ ለሰውየው ሊተውለት አልቻለም።

«የሱ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ።»

መሳቢያውን ከፍቶ ስክሪኑንና ክፈፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ሁሉንም ነገር፣ ከሸሚዙ ጫፍ ጀምሮ፣ ሳይቆም ተናገረ። በኮምፔንሳቶው ማዶ የእህቱ የስፌት መኪና ቆመ። ሙሽራው እስኪጨርስ አልጠበቀም። ትንሿን መነጽር ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ጠጋኙ ድርሻውን ጠበቀ። «ሰው አይደለህ?» እስክትለው። እሷ ግን የሰውየውን እጅ አሁንም የያዘች ያህል እጆቿን ከፊቷ አጣምራ ቆማ ነበር።

«መቼ አወቅህ?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት?»

«ረፋድ ላይ። ልክ ስትገቢ።»

«ለሆስፒታሉ ስደውል አጠገቤ ነበርክ።»

«አዎ።»

«ረቡዕ ክንዴን ይዘህ መንገድ አሻገርከኝ።»

«አዎ።»

«ትናንት ስታዜም ሰማሁህ። ለኔ ብለህ፣ ልታጽናናኝ መሰለኝ።» ቀና ብላ አየችው። «ደስ ብሎህ ነበር?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር፤ ልማዱም ነው። ፊቷን ሲያይ ግን አልሆነለትም።

«አዎ» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። አልጮኸችም። ካሜራዋን አነሳች፣ ስክሪኑንና ክፈፉን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መነጽሯንም ጨመረች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ሥራውን መልሰው ይሰጡኝ ይሆናል፤ ባይሰጡኝም ሌላ ይመጣል። እሱ አይደለም የሚያሳስበኝ» አለች። «ሰውየው ያለው እውነት ነው፤ ግማሹ ዓይኔ ነው። ዘንድሮ ባይሆን ከርሞ፣ አንድ ቀን የእውነት ይደክማል። ያን ቀን ‘ዓይንሽ ነው’ ብትለኝ እንዴት ብዬ ነው የማምንህ?»

ጠጋኙ ቆሞ አሰበ። እሷም በሩን እንደያዘች ጠበቀችው።

«እኔ እንጃ» አላት።